ስምንተኛው ገጽ

[በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ፔድራ ሊዛ የምትባል ትንሽ ከተማ። የሰኔ ቅዳሜ ገበያ፣ ረፋድ። በሁለት ምሰሶ መካከል ሲባጎ ተወጥሯል፤ ሲባጎው ላይ ባለ ስምንት ገጽ የግጥም መጽሐፎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ገጣሚው ጄኔዚዮ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ስልኩን ጨብጦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አበልጁ ቲቡርሲዮ፣ መጽሐፎቹን በእጅ ማተሚያ የሚያትምለት፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም በሳሙና የማይለቅ ሰው፣ ቆሞ መቆንጠጫ ይቆጥራል።]

ቲቡርሲዮ፦ አንድ ይበቃል እያልኩህ እኮ ነው!

ጄኔዚዮ፦ ሁለት! አንዱ ከላይ፣ ሲባጎው ላይ እንዲይዘው። አንዱ ከታች፣ እንዳይከፈት።

ቲቡርሲዮ፦ ካልተከፈተ ምኑን መጽሐፍ ሆነ?

ጄኔዚዮ፦ የተገዛ መጽሐፍ ይከፈታል። ያልተገዛ መጽሐፍ ይቆነጠጣል።

ቲቡርሲዮ፦ ስልሳ መጽሐፍ፣ መቶ ሃያ መቆንጠጫ። ሁሉም የሚስቴ ነው፣ አበልጄ። ዛሬ ጠዋት ከገመዷ ላይ ለቃቅሜ ስወጣ አንሶላዋ በነፋስ ተነሥቶ ጎረቤት ግቢ ገባ። ፍየል ለብሶት ሲሮጥ አይቻለሁ።

ጄኔዚዮ፦ ለሥነ ጽሑፍ መሥዋዕትነት ይከፈላል።

ቲቡርሲዮ፦ ይከፈል። ግን ለምን በእሷ አንሶላ?

ጄኔዚዮ፦ ስማኝ። አራት ሰዓት ላይ ማን ነው የሚመጣው?

ቲቡርሲዮ፦ ዶና አልዴኖራ።

ጄኔዚዮ፦ ከማዘጋጃ ቤት። ለምን?

ቲቡርሲዮ፦ አይብ ልትገዛ።

ጄኔዚዮ፦ እኔን ልትሰማ! የሰኔውን የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ማን እንደሚከፍት ዛሬ ትወስናለች። አሥራ ሁለት ዓመት እኔ ነኝ የከፈትኩት። ዘንድሮ አንዳንዶቹ «ገጣሚ አልፎበታል፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እንከራይ» ብለዋል። መኪና! እኔን በመኪና!

ቲቡርሲዮ፦ መኪናውን አይቼዋለሁ። መብራት አለው። ሰማያዊ።

ጄኔዚዮ፦ የማን ወገን ነህ አንተ?

ቲቡርሲዮ፦ ያንተ። መብራት አለው ነው ያልኩት።

ጄኔዚዮ፦ ዶና አልዴኖራ ምን አለችኝ መሰለህ? «ሰው ዛሬም ከበህ ቆሞ የሚሰማህ ከሆነ ዋዜማው ያንተ ነው» አለችኝ። ስለዚህ አራት ሰዓት ሲሆን እዚህ በርጩማ ላይ እወጣለሁ፣ ከአንድ እስከ ሰባተኛው ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ዲያብሎስ ሊረታ ጥቂት ሲቀረው…

ቲቡርሲዮ፦ ታቆማለህ።

ጄኔዚዮ፦ ቀጥ! አባቴም ያቆም ነበር፣ አያቴም ያቆም ነበር። ሰው ትንፋሹን ይዞ ይቀራል። ከዚያ መጨረሻውን ማወቅ የፈለገ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፣ ሁለት ሬያሉን ያወጣል፣ መጽሐፉን ይወስዳል። ይኼ ነው ሙያው።

ቲቡርሲዮ፦ እሱን አውቃለሁ። አርባ ዓመት አትሜዋለሁ።

ጄኔዚዮ፦ ማተም ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። አንተ በቀለምና በወረቀት ዘመን ቀርተሃል። እኔ ግን ይኸው ሙያውን አዘመንኩት። እስቲ እየው፣ ስንት ይላል?

ቲቡርሲዮ፦ [ዐይኑን አጥብቦ ስልኩን እያየ] ዘጠኝ በመቶ።

ጄኔዚዮ፦ እሱ ባትሪው ነው! ከሱ በታች!

ቲቡርሲዮ፦ ስድስት ሺህ… አርባ።

ጄኔዚዮ፦ ስድስት ሺህ አርባ ሰው! በሁለት ሳምንት! ኢንተርኔት ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በነጻ!

ቲቡርሲዮ፦ በስንት መቆንጠጫ?

ጄኔዚዮ፦ እንዲህ ስትል ሰው እንዳይሰማህ። ሰባቱን ገጽ ብቻ ነው የለቀቅኩት። ስምንተኛውን ያዝኩት። ገባህ? ገበያ ላይ እንደማቆመው ሁሉ እዚያም አቆምኩ።

ቲቡርሲዮ፦ እንግዲህ ስድስት ሺው ሰው የት ነው ያለው?

ጄኔዚዮ፦ በያለበት። ሳኦ ፓውሎ፣ ማናውስ፣ አንዱ ጃፓን ነው።

ቲቡርሲዮ፦ ጃፓኑ ለአራት ሰዓት ይደርሳል?

ጄኔዚዮ፦ ኡፍ! ዋናው ዝናው ነው፣ ዝናው! አንተ የደራሲን ሕይወት ምን ታውቃለህ? ጠዋት ከተንጠልጣይ አልጋዬ ሳልወርድ ሦስት መጽሐፍ አነባለሁ። ለእያንዳንዱ አስተያየት ጽፌ ለተከታዮቼ አካፍላለሁ። ቁርሴን በቆሎ እየጎረስኩ አራተኛውን እጀምራለሁ።

ቲቡርሲዮ፦ ሦስቱንም እስከ መጨረሻው?

ጄኔዚዮ፦ ሠላሳ ዓመት የጻፈ ሰው ሽፋኑን ካየ የመጨረሻው ገጽ ምን እንደሚል ያውቃል።

ቲቡርሲዮ፦ ባለፈው ወር «አንጀቴን አላወሰው፣ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ» ብለህ ያካፈልከው እኮ፣ ልጄ ዚልዳ አሳየችኝ፣ የፍየል ክትባት መመሪያ ነው።

ጄኔዚዮ፦ ሽፋኑን አይተኸዋል? አንዲት ፍየል ብቻዋን ቆማ ሩቅ ታያለች! ከጀርባዋ አንድ ዛፍ የለም! ይኼ የማያስለቅሰው ሰው ሰው ነው?

ቲቡርሲዮ፦ ውስጡ ግን ስለ መርፌ ነው።

ጄኔዚዮ፦ አየህ! መጨረሻዋ እንደማያምር አውቄያለሁ።

[አንድ ሥጋ ሻጭ ግማሽ በግ ትከሻው ላይ አጋድሞ ያልፋል። ጄኔዚዮን አይቶ ፈገግ ይልና አንገቱን አስግጎ እንደ አህያ ያናፋል። ይሄዳል።]

ጄኔዚዮ፦ ምን አለኝ?

ቲቡርሲዮ፦ ሰላም ያለህ ይመስለኛል።

ጄኔዚዮ፦ አናፋብኝ እኮ! ጠዋት ዳቦ ቤትም አንዷ አናፋችብኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሳል መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን…

ቲቡርሲዮ፦ አበልጄ፣ ስለ ስምንተኛው ገጽ አንድ ነገር…

ጄኔዚዮ፦ ስለ ስምንተኛው ገጽ ለማንም አልናገርም። ይኼን ሕግ ለራሴ አውጥቻለሁ። በቀን አርባ ሰው ይጠይቀኛል። «ጌታዬ፣ መበለቷ ረታች? ምስክሩ ማን ነው?» ይለኛል። አንዲት መልስ አለችኝ፣ ቀድቼ ቀድቼ እለጥፍለታለሁ፦ «መጨረሻውን የፈለገ ቅዳሜ ገበያ ይምጣና ይግዛ!»

ቲቡርሲዮ፦ ለሁሉም?

ጄኔዚዮ፦ ለሁሉም። ስም እንኳ አላይም። ስም ማየት ጊዜ ይፈጃል።

ቲቡርሲዮ፦ ስም አታይም?

ጄኔዚዮ፦ አላልኩህም?

ቲቡርሲዮ፦ አሃ።

ጄኔዚዮ፦ ምን «አሃ»?

ቲቡርሲዮ፦ ምንም። አሃ ነው ያልኩት። [መቆንጠጫውን አስቀምጦ እንደገና መቁጠር ይጀምራል።]

ጄኔዚዮ፦ ተው መቁጠሩን፤ እስቲ ሰባተኛውን ገጽ ልለማመደው፣ ስማኝ። እንደ ሰው ሁን።

ቲቡርሲዮ፦ እንደ ምን ዓይነት ሰው?

ጄኔዚዮ፦ ታሪኩን እንደማያውቅ ሰው! መበለቷ ኪቴሪያ ምንጭ አላት። ድርቅ ነው። ዲያብሎስ ኮት ለብሶ መጣና «ሟች ባልሽ ምንጩን ፈርሞ ሸጦልኛል፣ ውሉ ይኸው» አላት። ፍርድ ቤት ቆሙ። ዳኛው «አልፈረመም የሚል ምስክር አምጪ» አላት። ምስክር የላትም። ቀነ ቀጠሮው ደረሰ። እንግዲህ… [በርጩማው ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ]

    ዳኛው መዶሻውን አንሥቶ ሊመታ፣
    ዲያብሎስ ጥጉ ላይ ሲስቅ በደስታ፣
    የችሎቱ በር ተንኳኳ በዝግታ፣
    ምስክሩም ገባ፣ ቆመ በጸጥታ…

[ዝም ይላል። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሯል።]

ጄኔዚዮ፦ ምን ተሰማህ?

ቲቡርሲዮ፦ ራበኝ።

ጄኔዚዮ፦ ማን እንደገባ ማወቅ አልፈለግህም?

ቲቡርሲዮ፦ እሱንማ አውቃለሁ።

ጄኔዚዮ፦ አታውቅም! እንደማታውቅ ሁን ብዬሃለሁ!

[ከወዲያ ማዶ፣ ከአይብ ጠባሿ ጎን የተሰበሰቡ ሴቶች አንድ ላይ ያናፋሉ። ሳቅ።]

ጄኔዚዮ፦ ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! ምን አድርጌ ነው? [ስልኩ ይጮኻል። ያያል። ፊቱ ይለዋወጣል።] ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? አንዱ ምስል ልኮልኛል። «ጌታዬ፣ መጨረሻው ገደለኝ፣ ሦስት ጊዜ ለባለቤቴ አነበብኩላት» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። የተነሣው አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ መሪው ይታያል። «ገጽ ስምንት»… «አህያዋ»… አህያዋ?! [ስልኩን ወደ ደረቱ ይለጥፋል።] አህያ! እኔ አህያ አልጻፍኩም! ግጥሜ ውስጥ አህያ የለችም!

ቲቡርሲዮ፦ እስከ ታች አንብበው።

ጄኔዚዮ፦ አላነብም!

ቲቡርሲዮ፦ አራት ስንኝ እኮ ነው።

ጄኔዚዮ፦ አንዲት ቃል አይቻለሁ፣ ይበቃኛል! የሐሰት መጨረሻ ሠርተውልኝ ነው! አሁን ገባኝ ማናፋቱ። ሌባ! በከተማ የተቀመጠ፣ የተማረ ሌባ! ሰባቱን ገጽ ከኢንተርኔት ወሰደ፣ ስምንተኛውን ፈጠረ፣ በትኖ ለቀቀው!

ቲቡርሲዮ፦ የተማረ አይመስለኝም።

ጄኔዚዮ፦ ለምን?

ቲቡርሲዮ፦ እንዲሁ። እስቲ አሳየኝ። [ስልኩን አርቆ፣ አቅርቦ] ይችን ፊደል እያት፣ እግሯ ተሰብሯል። የእኔም እንደዚህች ናት። የብረት ፊደሎቼ መሳቢያ ከጠረጴዛ የወደቀ ዕለት የተሰበረች። አዲስ እገዛለሁ እያልኩ…

ጄኔዚዮ፦ አየህ? አየህ እነዚህን ሰዎች? የፊደልህን ስብራት ሳይቀር ሰረቁህ! ኮምፒውተር የማይሠራው የለም!

ቲቡርሲዮ፦ እዚህ ኅዳጉ ላይ ደግሞ የጣት አሻራ አለ፣ ጥቁር። የግራ አውራ ጣት ነው።

ጄኔዚዮ፦ እሱስ?

ቲቡርሲዮ፦ ጫፉ ላይ ጠባሳ አለው። [የግራ አውራ ጣቱን ከስልኩ አጠገብ ያስቀምጣል። ሁለቱም ያያሉ።]

ጄኔዚዮ፦ ጌታ ሆይ! አውራ ጣትህን!

ቲቡርሲዮ፦ አውራ ጣቴን።

ጄኔዚዮ፦ ሰው ቤቱ ተቀምጦ አውራ ጣቱ ይሰረቅ? አበልጄ፣ ይኼ ለፖሊስ ነው። ዛሬውኑ አመልክት።

ቲቡርሲዮ፦ ምን ብዬ? ጣቴ አለኝ፣ ይኸው።

ጄኔዚዮ፦ ተረጋጋ፣ አትደንግጥ!

ቲቡርሲዮ፦ እኔ አልደነገጥኩም።

ጄኔዚዮ፦ አትደንግጥ ብዬሃለሁ! ሌባው ያላሰበው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ሠላሳ መጽሐፍ ሸጠናል። ሠላሳ ሰው እውነተኛውን ስምንተኛ ገጽ ይዞ ቤቱ ተቀምጧል። ሠላሳ ምስክር አለኝ! ተነሥተው «ይኼ ሐሰት ነው» ይላሉ።

ቲቡርሲዮ፦ አንዱ ከሠላሳው የአውቶቡስ ሾፌሩ አይደለም እንዴ?

ጄኔዚዮ፦ ነው! ጨዋ ሰው። እሱን መጀመሪያ ነው የምጠራው። [ሰዓት ያያል።] ሃያ ደቂቃ ቀረኝ። ዶና አልዴኖራ ስትደርስ ገበያው ሁሉ እያናፋ ካገኘችው አለቀልኝ። «ይኼ ሰውዬ መቀለጃ ሆኗል» ብላ ለሰማያዊ መብራት ትፈርማለች። ስለዚህ ዛሬ ሕጌን አፈርሳለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አላቆምም። ሰባቱን አንብቤ ስምንተኛውን እጨምራለሁ፣ እውነተኛውን፣ በሕዝብ ፊት! አህያዋ ታፍራለች!

[ባርኔጣውን ያወልቃል። ከውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ላብ የጠጣ አንድ ወረቀት ያወጣል።]

ቲቡርሲዮ፦ ምንድን ነው እሱ?

ጄኔዚዮ፦ ስምንተኛው ገጽ።

ቲቡርሲዮ፦ የማን?

ጄኔዚዮ፦ የማን ይሆናል? የእኔ! የእጅ ጽሑፌ። ከሌባ ሸሽጌ የያዝኩት።

ቲቡርሲዮ፦ እስካሁን እዚያ ነበር?

ጄኔዚዮ፦ ከጻፍኩበት ቀን ጀምሮ። ስተኛ እንኳ ባርኔጣዬን አላወልቅም።

ቲቡርሲዮ፦ ሌላ ግልባጭ የለውም?

ጄኔዚዮ፦ ሞኝ ነኝ እንዴ? አንድ ብቻ!

ቲቡርሲዮ፦ [ቀስ ብሎ መቆንጠጫ የሞላውን ቅርጫት መሬት ላይ ያስቀምጣል።] አበልጄ፣ እኔ ታዲያ በምን አተምኩት?

ጄኔዚዮ፦ እንዴት በምን? በማተሚያህ።

ቲቡርሲዮ፦ ከባርኔጣህ ውስጥ አንብቤ?

ጄኔዚዮ፦ እኔ ልኬልህ… [ያቆማል።] ልኬልሃለሁ እኮ።

ቲቡርሲዮ፦ ምን ላክህልኝ?

ጄኔዚዮ፦ ሙሉውን። «ወረቀት ቀርቷል፣ ዘመናዊ እንሁን፣ ኢንተርኔት ላይ ሰቅዬዋለሁና ከዚያ አውርደህ አትም» ብዬ… [ይቀመጣል። በርጩማው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ።]

ቲቡርሲዮ፦ አወረድኩት። ዚልዳ አውርዳ አሳየችኝ። ቆጠርኩ፣ ሰባት ነው። እንደገና ቆጠርኩ፣ ሰባት ነው። «አባባ፣ አንዱ ቀርቶ ይሆናል፣ ጻፍለት» አለችኝ። ጻፍኩልህ፦ «አበልጄ፣ መጨረሻው የት አለ?»

ጄኔዚዮ፦ እኔስ ምን አልኩህ?

ቲቡርሲዮ፦ «መጨረሻውን የፈለገ ቅዳሜ ገበያ ይምጣና ይግዛ!»

ጄኔዚዮ፦ አላልኩህም!

ቲቡርሲዮ፦ «አበልጄ፣ እኔ ቲቡርሲዮ ነኝ፣ አታሚው» ብዬ ሁለተኛ ጻፍኩ። «መጨረሻውን የፈለገ ቅዳሜ ገበያ ይምጣና ይግዛ!» ሦስተኛ ጻፍኩ፦ «ገበያ መጥቼ እንድገዛ መጽሐፉ መታተም አለበት፣ መጽሐፉ እንዲታተም ደግሞ መጨረሻውን ማግኘት አለብኝ።» እሱንማ ከልቤ አስቤ ነው የጻፍኩት። ለሱም ያንኑ መለስክልኝ። በሱ ላይ ልብ ጨመርክበት፣ ቀይ።

ጄኔዚዮ፦ እና ቤቴ አትመጣም ነበር? በር አታንኳኳም ነበር?

ቲቡርሲዮ፦ መጣሁ። አልጋህ ላይ ሆነህ በስልክ ስታነብ አገኘሁህ። «ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው» አልከኝ። ቆምኩ። ከዚያ «በቆሎው ላይ ቅቤ ጨምርልኝ» አልከኝ። ጨመርኩልህና ሄድኩ።

ጄኔዚዮ፦ ባዶ አትተወውም ነበር ታዲያ ስምንተኛውን?

ቲቡርሲዮ፦ አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት ገጽ ነው። ሰባት አይሆንም። ስምንተኛውን ባዶ ብሸጥ ገዢው የሚሰድበው አንተን አይደለም፣ «አታሚው ሰክሮ ነው» ነው የሚለው። አርባ ዓመት ባዶ ገጽ ከማተሚያ ቤቴ አልወጣም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምስክር ገባ ብለሃል። ማን ይገባል? ሟቹ ሊፈርም ሄደ የተባለው በምን ነው? በእግሩ ምንጭ ድረስ አይሄድም። ሁለተኛው ገጽ ላይ አህያ አለቻቸው። እሷ አይታለች።

ጄኔዚዮ፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ አህያ አለች?

ቲቡርሲዮ፦ አንተ ነህ የጻፍካት። «በግቢያቸው ያለች አንዲት አህያ ብቻ» ብለህ።

ጄኔዚዮ፦ እሷማ ድህነታቸውን ለማሳየት ነው!

ቲቡርሲዮ፦ እሷም ምስክር ሆነች። አራት ስንኝ ጻፍኩ፣ ፊደሉን ደረደርኩ፣ አተምኩ። አራት መቶ ቅጂ። ሲደርቅ አንዱን በአውራ ጣቴ ነካሁት፣ ይቅርታ።

ጄኔዚዮ፦ አራት መቶ! እዚህ የተሰቀለውም?

ቲቡርሲዮ፦ ሁሉም። በሁለት በሁለት መቆንጠጫ የቆለፍካቸው በሙሉ አህያ ናቸው።

[ጄኔዚዮ ሲባጎውን ያያል። ነፋስ ሲነፍስ ስልሳው መጽሐፍ ይወዛወዛል።]

ጄኔዚዮ፦ ዛሬ ጠዋት ልትነግረኝ ነበር።

ቲቡርሲዮ፦ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። አንዴ ለማንም አልናገርም አልክ፤ አንዴ ፎቶውን አላነብም አልክ። እኔ እኮ እስካሁን አንብበኸዋል፣ ወደኸዋል፣ ኩራት ይዞህ ነው ስሜን ያላነሣኸው ብዬ ነበር። የታተመ መጽሐፉን ያልገለጠ ደራሲ ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ጄኔዚዮ፦ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽፋኑን አይቻለሁ።

ቲቡርሲዮ፦ ያም አለ።

ጄኔዚዮ፦ ግድ የለም! ምንም አልጠፋም። የእኔ መጨረሻ እጄ ላይ ነው። ሰው ይኼን ሲሰማ አህያዋን ይረሳታል። ስማ፣ አንተ ሙያተኛ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። [ወረቀቱን እየዘረጋ]

    ገባ አንድ ገጣሚ ባርኔጣውን ደፍቶ፣
    ፊቱ እንደ ፀሐይ ችሎቱን አብርቶ፣
    ያልፈታው መጽሐፍ የለም ዓለም ላይ ከቶ፣
    ሦስት ሰዓት ተናገረ በአንድ እግሩ ጸንቶ።

ቲቡርሲዮ፦ …ምስክሩ አንተ ነህ?

ጄኔዚዮ፦ «አንድ ገጣሚ» ነው የሚለው።

ቲቡርሲዮ፦ ባርኔጣ አለው።

ጄኔዚዮ፦ ስንት ሰው ባርኔጣ አለው!

ቲቡርሲዮ፦ ከሥር ስሙን ጽፈሃል፣ ይኸው።

ጄኔዚዮ፦ እሱ… እሱ ለሚቀጥለው ስንኝ ነው።

ቲቡርሲዮ፦ በአንድ እግሩ የቆመው ለምንድን ነው?

ጄኔዚዮ፦ ቤት እንዲመታ።

ቲቡርሲዮ፦ ሦስት ሰዓት? ዲያብሎሱስ ምን ያደርጋል ሦስት ሰዓት ሙሉ?

ጄኔዚዮ፦ ያዳምጣል። ከዚያ ንስሐ ይገባል።

ቲቡርሲዮ፦ [ጭንቅላቱን ያክካል።] አበልጄ፣ ሙያተኛ ነህ ብለኸኛል፣ እውነቱን ንገረኝ ብለኸኛል።

ጄኔዚዮ፦ ብያለሁ።

ቲቡርሲዮ፦ ባርኔጣህ ውስጥ መልሰው።

[ከገበያው አፍ ጫጫታ ይሰማል። ሰው ወደዚህ እየተሰበሰበ ነው። ከመካከል አንዲት ወፍራም ሴት፣ ደብተር በብብቷ፣ ሸንኮራ ጭማቂ በእጇ ይዛ ትመጣለች። የሚያናፉት ከፊትም ከኋላም አጅበዋታል።]

ጄኔዚዮ፦ ዶና አልዴኖራ! ደረሰች! ጌታ ሆይ፣ ሰውስ ስንት ነው? መቶ ይሆናል!

ቲቡርሲዮ፦ ከመቶም ያልፋል። ከጣቢያ አውቶቡሱም መጥቷል፣ ሾፌሩ ያውልህ።

ጄኔዚዮ፦ ሁሉም አህያዋን ነው የሚጠብቁት። የእኔን ባነብ…

ቲቡርሲዮ፦ በአንድ እግርህ ትቆማለህ፣ ሦስት ሰዓት።

ጄኔዚዮ፦ ቀልድ ተው! አሥራ ሁለት ዓመት ነው እኮ፣ ቲቡርሲዮ። አባቴ እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ሲያነብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መኪናውን ካመጡ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ገጣሚ እንደነበረ አያስታውስም። [ዝቅ ብሎ፣ ቶሎ ቶሎ] እሺ። እሺ፣ ያንተን እላለሁ። አህያዋን። ሰባቱን እጀምራለሁ፣ ስደርስ ያንተን እጨምራለሁ። ቶሎ ንገረኝ፣ ገብታ ምን አደረገች?

ቲቡርሲዮ፦ ማን?

ጄኔዚዮ፦ አህያዋ! ተናገረች? ረገጠችው? መጨረሻው ምንድን ነው?

[ቲቡርሲዮ ከሲባጎው ላይ አንድ መጽሐፍ ይመርጣል። ከታች ያለውን መቆንጠጫ ይፈትሻል፤ ጥብቅ ነው። እጁን አጣጥፎ ይቆማል።]

ቲቡርሲዮ፦ መጨረሻውን የፈለገ ቅዳሜ ገበያ ይምጣና ይግዛ።

ጄኔዚዮ፦ ቅዳሜ ነው! ገበያ ነኝ!

ቲቡርሲዮ፦ እንግዲያ የቀረህ መግዛቱ ነው።

ጄኔዚዮ፦ እኔ ደራሲው ነኝ!

ቲቡርሲዮ፦ የሰባቱ። እነሱ በነጻ ናቸው፣ ኢንተርኔት ላይ አሉልህ። ይኼ ስምንተኛው ነው። ሁለት ሬያል።

[ጄኔዚዮ ያየዋል፣ ሕዝቡን ያያል፣ ዶና አልዴኖራን ያያል። ኪሱን ይዳብሳል። ሁለት ሬያል አውጥቶ ቲቡርሲዮ መዳፍ ላይ ይጥላል። ሁለቱንም መቆንጠጫ በጥርሱ ነቅሎ መጽሐፉን ይገልጣል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ያነባል።]

ጄኔዚዮ፦

    አህያዋ ገባች ጆሮዋን አቁማ፣
    ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ውሉን አየች ቆማ፣
    ፊርማና ማኅተሙን በላች ለቃቅማ፣
    የዳኛውን ውሃ ጠጣችበት ደግማ።

[ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ሊያፍነው ይደርሳል። ባርኔጣው ይወድቃል።]

ጄኔዚዮ፦ በላችው! ውሉን በላችው! ውል ከሌለ ክስ የለ! የዳኛውን ውሃ… ደግማ! አንተ ሰይጣን አታሚ፣ ይኼን ያህል ዓመት ይኼን ሁሉ የት ደብቀህ ነው?

ቲቡርሲዮ፦ ማንም አልጠየቀኝም። ሁሌ ስምንቱን ሞልታችሁ ነው የምታመጡልኝ።

ጄኔዚዮ፦ ደራሲው ማን ነው ልበል?

ቲቡርሲዮ፦ ሽፋኑ ላይ ያንተ ስም አለ።

ጄኔዚዮ፦ ስምንተኛው ገጽ ላይስ?

ቲቡርሲዮ፦ አውራ ጣቴ አለ። ይበቃኛል።

ጄኔዚዮ፦ አይበቃህም። ዋዜማውን ከሰጡን ሁለታችንም ነን የምንወጣው፤ ሰባቱን እኔ፣ ስምንተኛውን አንተ። [ባርኔጣውን አንሥቶ ይደፋል፣ በርጩማው ላይ ይወጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።] ክቡራን የፔድራ ሊዛ ሰዎች! እመቤቴ ዶና አልዴኖራ! እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ መበለቷ ኪቴሪያ ዲያብሎስን ፍርድ ቤት እንዴት እንዳቆመችው ትሰማላችሁ። መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ግን፣ በአባቴ አፈር፣ ብትለምኑኝም አልነግራችሁም! መጨረሻውን የፈለገ…

[ዶና አልዴኖራ ጭማቂዋን ለጎረቤቷ ታስይዛለች። ደብተሯን ገልጣ የጄኔዚዮን ስም ትጽፋለች፣ ከሥሩ ታሰምርበታለች። ከዚያ ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ከሁሉም አብልጣ ታናፋለች። ገበያው በሳቅ ይፈርሳል።]

ቲቡርሲዮ፦ [የሱሪውን ጫፍ ጎተት አድርጎ፣ በለሆሳስ] ተዋቸው፣ አበልጄ። በከተማው መጽሐፉን አንብቦ ያልጨረሰ አንተ ብቻ ነበርክ።